«ትንሹ ልዑል» ለወሎ ልጅ ምኑ ነው? ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም ያሉ መምህራንና ወላጆች ሲቀባበሉት አይቻለሁ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል፤ አንዱ ወዳጄማ «ይኸው፣ ጉድህ ወጣ» ብሎ ነው የላከልኝ። ስሜ የለበትም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ከልጆች ጋር መጽሐፍ የማነብ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ አይመለከተኝም ልል አልችልም። የጽሑፉ ማሰሪያ የፈረንሳዊው የአንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ «ትንሹ ልዑል» ከልጆች የንባብ ክበብ ይነሳ የሚል ነው።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ታሪኩ ይህ ነው። አውሮፕላኑ ተበላሽቶበት ሰሃራ በረሃ ላይ የወደቀ አብራሪ አንድ ትንሽ ልጅ ያገኛል። ልጁ የመጣው ከአንድ ቤት ብዙም ከማትበልጥ ኮከብ ነው። እዚያ የሚንከባከባት አንዲት ጽጌረዳ ነበረችው፤ ኩራቷና ቃሏ አስመርሮት ትቷት ወጣ። በመንገዱ ስድስት ትንንሽ ዓለማትን ጎበኘ፤ በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ይኖራል፦ ንጉሥ፣ ጉረኛ፣ ሰካራም፣ ከዋክብትን የሚቆጥር ነጋዴ፣ ፋኖስ አብሪና የጂኦግራፊ ሊቅ። ሰባተኛዋ የእኛዋ ምድር ናት። እዚህ ከአንድ ቀበሮ ጋር ተወዳጀ፤ ጽጌረዳዋ ምኑ እንደነበረች የገባውም ያኔ ነው፤ ወደ እሷ ለመመለስ ተነሳ። በ27 አጫጭር ምዕራፎች ያልቃል፤ ሥዕሎቹም የደራሲው የራሱ ናቸው።

የቴሌግራሙ ጽሑፍ ጸሐፊ አይሳደቡም፤ መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። ይህን የምጠቅሰው ሳያነብ የሚተች ስለበዛ ነው። ክርክራቸውን እስከቻልኩ ሳላጎድል ላስቀምጠው። መጽሐፉ ባዕድ ነው፤ የወሎ ልጅ የራሱ ተረት እያለው የፈረንሳይ መኳንንት ትካዜ አያስፈልገውም ይላሉ። ትልልቅ ሰዎች ላይ ስለሚያላግጥ ልጅ ሽማግሌ እንዲንቅ ያደርጋል ይላሉ። ስለ ወዳጅነት የሚለውም ለእኛ አይሆንም፤ እኛ ዘንድ ወዳጅነት ከዘመድና ከጎረቤት የሚወረስ እንጂ ሁለት ብቸኞች በረሃ ላይ ተገናኝተው የሚፈጥሩት አይደለም ይላሉ። «ልጅ የሚጠይቀው ዳቦ እንጂ የሕይወትን ትርጉም አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገርም አላቸው፤ ብዙ ሰው እሱን ቀንጭቦ ነው የሚያጋራው። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውጤት አንስተው ልጅ ልብ ወለድ ከሚያነብ ትምህርቱን ያጥና ይላሉ። በመጨረሻም ታሪኩ የሚቋጨው ልጁ በእባብ ተነድፎ ስለሆነ ለሕፃን የሚሰጥ አይደለም ይላሉ። ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ ነው፤ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ከባዕድነቱ ልጀምር። እዚህ ላይ አብሬያቸው የምቆምበት ነገር አለ። በወሎ ምድር ላይ የሚካሄድ፣ ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን፣ በለዛ ባለው አማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ፈልጌ ደክሜያለሁ። አያቶች የሚያወጉት ተረት ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ከባለቤቱ ጋር እየተቀበረ ነው። ጸሐፊው ያንን የሚሰበስብ ሥራ ቢጀምሩ እኔም ደብተሬን ይዤ እከተላቸዋለሁ። ነገር ግን የእኛው መጽሐፍ አለመጻፉ የሌላውን ለማንሳት እንዴት ምክንያት እንደሚሆን አልገባኝም። መደርደሪያው ባዶ ስለሆነ የሚጻፍ ተረት የለም።

ደግሞስ ከቤቱ ወጥቶ የሕይወትን ነገር የሚፈልግ ልዑል በእኛ ሀገር መች አዲስ ሆነ? «በረላምና ይዋሰፍ»ን እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ታሪኩ አባቱ ሕመምና ሞት እንዳያይ በቤተ መንግሥት ስለዘጋበት፣ እሱ ግን አይቶ ስለተጨነቀና እውነትን ፍለጋ ስለወጣ የንጉሥ ልጅ ነው። መሠረቱ ሕንድ ነው፤ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ከቋንቋ ቋንቋ ዞሮ፣ ክርስቲያን ሆኖ እኛ ዘንድ የደረሰ ነው። ተርጓሚው ዕንባቆምም ከየመን መጥተው ደብረ ሊባኖስን እስከ መምራት የደረሱ ሰው ናቸው። አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ በብራና ሲገለብጡ «የሕንድ ልጅ ለእኛ ምናችን ነው?» አላሉም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ በቅርብ ርቀት ያለ ገዳም ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ የነበረ ነው። ወሎ በተተረጎመ መጽሐፍ የሚደነግጥ አገር አልነበረም።

ዝርዝሩንም እንየው። ጸሐፊው በረሃ፣ ቀበሮና ጽጌረዳ ለልጆቻችን የማይታወቁ ነገሮች ናቸው ይላሉ። ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ ከአፋር ቆላ የመጣ ግመል ሲንበረከክ ያየ ልጅ በረሃ የት እንደሚጀምር በጣቱ ያሳይዎታል። ቀይ ቀበሮ ከዓለም ሁሉ በኢትዮጵያ ብቻ ያለች ናት፤ ከቀሯት ጥቂት መኖሪያዎች አንዱ ቦረና ሳይንት፣ ሌላው የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው፤ ሁለቱም ወሎ ውስጥ ናቸው። ጽጌረዳ ደግሞ እንኳን በየጓሮው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌቱም ጽጌ ነው። ሥዕል ፈልጌ ማስረዳት የነበረብኝ ባኦባብ የሚባለውን ዛፍ ብቻ ነው፤ ደሴ ላይ ባኦባብ የለም፣ ይህችን እሰጣቸዋለሁ።

እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ለእሳቸው የሚረዳ አንድ ነጥብ ላቀብላቸው። መጽሐፉ ውስጥ ጥም የሚያረካ ክኒን የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ክኒኑን የዋጠ ሰው ውኃ አይጠማውም፣ በሳምንት 53 ደቂቃ ይተርፈዋል። ልዑሉ ግን፣ እኔ 53 ደቂቃ ቢተርፈኝ ቀስ ብዬ ወደ ምንጭ እሄድበት ነበር ይላል። ይህን ስናነብ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ሰፈራቸው ውኃ በተራ ነው የሚመጣው። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ክኒኑን እገዛዋለሁ» አለች። «53 ደቂቃ በሳምንት? እኔ እኮ በአንድ ቀን ከጀሪካን ሰልፍ ላይ ከዚያ በላይ ነው የምቆመው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደራሲው ውኃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ቀልድ ነው የቀለደው፤ ልጅቱ ያዘችው። ታዲያ ይህ መጽሐፉን የማንሻ ምክንያት ነው? እኔ ያየሁት አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዓለም ሁሉ ከሚያደንቀው ደራሲ ጋር ቆማ ስትከራከር ነው። ቤታችን የምንሰጣቸው የምክር መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ክርክር በር አይከፍትም፤ «ውኃ ሕይወት ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ስለ ባዕድነት ካነሳን መጽሐፉ ራሱ የሚለው አለ። የልዑሉን ኮከብ መጀመሪያ ያየው አንድ የቱርክ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። ግኝቱን በጉባኤ ሲያቀርብ በለበሰው የአገሩ ልብስ ምክንያት ማንም አላመነውም። ከዓመታት በኋላ በአውሮፓ ልብስ አሸብርቆ ያንኑ ማስረጃ ደገመው፤ ሁሉም አጨበጨበለት። ይህን የጻፈው ፈረንሳዊ ነው፤ የሚስቀውም በቱርኩ ላይ አይደለም፣ በአጨብጫቢዎቹ ነው። ሽርጥ ያሸረጠ አዛውንት ቢሮ ገብቶ ሳይሰማ ሲወጣ፣ ልጁ በኮትና ክራባት ሄዶ ያንኑ ጉዳይ ሲያስጨርስ ላየ ልጅ ይህ ቦታ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሽማግሌ ያስንቃል ወደሚለው ልለፍ። መጽሐፉ በትልልቅ ሰዎች ይቀልዳል፤ መካድ አይቻልም። ቁጥር ይወዳሉ ይላል። አዲስ ጓደኛ አገኘሁ ስትላቸው ድምፁ እንዴት ነው፣ ምን ጨዋታ ይወዳል አይሉህም፤ ዕድሜው ስንት ነው፣ አባቱ ስንት ያገኛል ነው የሚሉህ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። በእኛ አገር ጥያቄው «የማን ልጅ ነህ?» ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከእሱ የባሰውን ኬላ ላይ ሰምተናል። ልጆቹ በእኛ የሚስቁበት ምክንያት አያጡም፤ መጽሐፉ አላመጣባቸውም።

ነገር ግን ቀልዱ የሚያርፈው በዕድሜ ላይ አይደለም፣ ከራሱ በቀር ሌላ በማይታየው ሰው ላይ ነው። ከስድስቱ መካከል ልዑሉ ወዳጁ ሊያደርገው የወደደ አንድ አለ፤ ፋኖስ አብሪው። ምክንያቱም እሱ ቢያንስ ከራሱ ውጭ ያለ ነገር ይጠብቃል። እሱም ትልቅ ሰው ነው። ታሪኩን የሚነግረን አብራሪም ትልቅ ሰው ነው። ጸሐፊው ደግሞ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ እንዴት እንደዘለሉት ገርሞኛል። መታሰቢያነቱ ለሌዎን ቬርት ነው። ቬርት ከደራሲው 22 ዓመት የሚበልጥ ሰው ነበር፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ ገጠር ተሸሽጎ ነበር። ደራሲው መጽሐፉን ለትልቅ ሰው ስለሰጠ ልጆችን ይቅርታ ይጠይቅና ምክንያቱን ይደረድራል፦ ከሁሉ የምወደው ወዳጄ ነው፣ የልጆች መጽሐፍም ይገባዋል፣ ደግሞም አሁን ተርቦና በርዶት ስለሆነ ማጽናኛ ያስፈልገዋል። ለተራበ ታላቁ መጽሐፍ የሚሰጥ ሰው ሽማግሌ ያስንቃል ሲባል እኔ ነገሩ ይጠምብኛል።

የወዳጅነቱ ክርክር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ከሁሉ የሚያምረውን አንቀጽ የጻፉት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚኖርበትን፣ አባት ሙሐመድ ልጅ ገብሬ የሚባልበትን፣ ጎረቤት ከሥጋ ዘመድ የማይለይበትን ወሎ ይስሉልናል። ይህ ሁሉ እያለን አንድ ቀበሮ ስለ ጓደኝነት ያስተምረን ወይ? ነው ጥያቄያቸው። አንብቤ ደስ ብሎኛል፤ የማልስማማው «ይወረሳል» በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ቀበሮዋ ለልዑሉ የምትነግረው ይህን ነው። መጀመሪያ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፤ ዝም በል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅረብ። ስትመጣም በአንድ ሰዓት ና፤ አሥር ሰዓት እንደምትመጣ ካወቅሁ እኔ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደስ ሊለኝ ይጀምራል። በፈለግህ ጊዜ ከመጣህ ግን ልቤን መቼ እንደማሰናዳ አላውቅም። ይህን ስናነብ ለልጆቹ ማብራሪያ አልሰጠሁም። የቡና ሰዓት ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ እጣኑ ጨሶ፣ ቡናው ሲቆላ አንድ ልጅ በየበሩ ይላካል፤ «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» ይላል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አልፎ ምርቃት ይከተላል፤ ነገም በዚያው ሰዓት። ከተጠሪዎቹ አንዷ ሁለት ቀን ከቀረች «ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» ተብሎ ሰው ይላካል። የጸሐፊው ወሎ በዚህ መልክ በየቀኑ ነው የሚሠራው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ቅሬ (ዕድር) ላይ የማይገኝ፣ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ምን ይረባዋል? በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከደሴ ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥቶ የሄደ ሰው ካገኙ ለማን እንደሰጠ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚነግርዎት ቡና አብራው ስለምትጠጣ ሴትዮ ነው።

እንግዲህ ቀበሮዋ የምትነግረን የማናውቀውን ነገር ስላልሆነ ምን ያደርግልናል ለሚል፣ መልሴ ልጆቹ ዘንድ ነው። ከሳይንት የመጣ አንድ ልጅ አለ፤ በግ የጠበቀ ነው። ቀበሮዋ «አላምደኝ» ያለችበት ላይ ስንደርስ አላስቻለውም፦ «ጋሼ፣ ቀበሮ አይለምድም። ግልገል ነው የሚወስደው።» (ለነገሩ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እረኛን ግን በዚህ ማሳመን ከባድ ነው።) ሌላው ቀበል አድርጎ «ለዚህ እኮ ነው ልጁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የተጠጋው፤ አንተ በድንጋይ ነው የምትጀምረው» አለው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። «ሰውን ውደድ» የሚለውን የግብረ ገብ ዓረፍተ ነገር ስናነብ እንዲህ ያለ ክርክር ተነስቶ አያውቅም።

ልዑሉ ጽጌረዳዋን ጥሏት ስለሄደ ምሳሌ አይሆንም ለሚሉት፣ መጽሐፉም ከእሳቸው ጋር ነው። ልጁ ራሱ በኋላ ይጸጸታል፤ የተናገረችውን ሳይሆን ያደረገችልኝን ማየት ነበረብኝ ይላል። አምስት ሺህ ጽጌረዳ በአንድ አትክልት ቦታ ሲያይ መጀመሪያ አለቀሰ፤ የእኔዋ አንድ ብቻ መስላኝ ነበር ብሎ። ከቀበሮዋ በኋላ ግን እዚያው ተመልሶ ልዩነቱን ነገራቸው፦ ውኃ ያጠጣሁት እሷን ነው፣ ከነፋስ የከለልኩት እሷን ነው፣ ስታማርር የሰማሁት እሷን ነው። የሕይወት ትርጉም የሚባለውን ነገር መጽሐፉ ከዚህ በላይ አያብራራም። የደከምክለት ነገር ያንተ ነው፣ ኃላፊነቱም ያንተ ነው። ይህን ለመረዳት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም፤ ጥጃ ያሳደገ ልጅ ይገባዋል።

ይህም «ልጅ የሚጠይቀው ዳቦ ነው» ወደሚለው ያደርሰናል። ዳቦ መጠየቁን ማን ካደ! ነገር ግን የጂኦግራፊው ሊቅ ተራራና ባሕር እንጂ አበባ በካርታው ላይ አይጽፍም፣ ምክንያቱም አበባ ቶሎ ይጠፋል የሚለውን ስናነብ አንድ ልጅ «የእኛ ቤት ካርታ ላይ አለ?» አለኝ። ሌላዋ ዝም ብላ ቆይታ «አያቴ ሞተዋል፤ እሳቸው የተከሉት ጌሾ ግን አለ። ካርታው ጌሾውን ነው እሳቸውን የሚጽፈው?» አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅ አልሰሙ ይሆናል፤ ልጆች ትልቅ ሰው ፊት የሚጠይቁት ትልቅ ሰው የሚመልሰውን ነው።

የጠገበ መኳንንት ትካዜ የሚለውንም በዚሁ ልዝጋው። ሴንት ኤግዙፔሪ ከመኳንንት ቤት መወለዱ እውነት ነው። ግን በ1935 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አውሮፕላኑ ሊቢያ በረሃ ላይ ወድቆ እሱና መካኒኩ በውኃ ጥም ሊሞቱ ሲሉ አንድ የበረሃ ዐረብ ነው ያገኛቸውና ያተረፋቸው። «ትንሹ ልዑል»ን የጻፈው አገሩ ተይዞ አሜሪካ በስደት ሳለ ነው፤ በ1943 ኒውዮርክ ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ለቅኝት በረራ ተነስቶ ሳይመለስ ቀረ፤ አገሩ ውስጥ መጽሐፉ የወጣው በ1946፣ እሱ ከጠፋ በኋላ ነው። ስደትና ጥም የወሎ ሰው ከማንም በላይ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው።

የፈተናውን ነገር ባጭሩ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰዋል፤ ድምዳሜው ነው ያልተከተለው። እነዚያ ተማሪዎች የወደቁት ልብ ወለድ ሲያነቡ ጊዜ አልቆባቸው አይደለም። አብዛኞቹ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ አንድም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ ነው ፈተና አዳራሽ የገቡት። 27 ምዕራፍ ወዶ የጨረሰ ልጅ የፈተናውን ምንባብ አይፈራውም።

አሁን ወደ እባቡ።

ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው፦ ልዑሉ በመጨረሻ ራሱ ወዶ እባብ ዘንድ ይሄዳል፤ ገላው ከብዶት ወደ ኮከቡ ይዞት ሊሄድ ስለማይችል ይነደፋል፤ ሰውነት እንደተጣለ አሮጌ ቅርፊት ነው፣ አያሳዝንም ይላል። ይህ ለልጅ ሞትን አሳምሮ ማቅረብ ነው፤ የሞተ ዘመዱን የናፈቀ ልጅ ይህን አንብቦ ምን ያስባል? ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ትክክል ነው። በዚህ ላይ የሚያሾፉ አስተያየቶችን አይቻለሁ፤ አልወደድኩላቸውም። ከእኔ ጋር ከሚያነቡት ልጆች በጦርነቱ ወቅት በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ከደሴ በእግር የወጡ አሉ፤ አባታቸው ያልተመለሰላቸውም አሉ። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ያንን ምዕራፍ ዝም ብሎ መስጠት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

ነገር ግን «ሞት ያለበት ታሪክ ለልጅ አይሆንም» ካልን ተረቶቻችንንም እናውጣቸው። አያ ጅቦ ስንቱን አልበላም? ደግሞም ልጆቻችን ሞትን ከመጽሐፍ አይደለም የሚያገኙት። ቅሬ ሲጠራ ይሰማሉ፣ ድንኳን ሲተከል ያያሉ፣ ዘመድ ሲያለቅስ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ ማንም ግን ቁጭ ብሎ አያነጋግራቸውም። «ልጅ ምን ያውቃል» ይባልና በላያቸው ላይ ይወራል።

ጸሐፊው በጠቀሱት ምዕራፍ ውስጥ ያልጠቀሱት ነገርም አለ። አብራሪው ልጁን ከእባቡ ጋር ሲነጋገር ሲሰማ ሽጉጡን ከኪሱ እየፈለገ ይሮጣል። ልጁ ፈርቷል፤ ፊቱ ነጥቷል። ሌሊቱን ተደብቆ ሲወጣም አብራሪው ተከትሎ ይደርስበታል፤ አልለይህም ይለዋል፣ ደጋግሞ። ስለዚህ ሞቱ አምሮ የቀረበ አይደለም፤ የሚወደው ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ ሊያስቀረው ሲታገል ነው የምናየው። ልጆቹ የያዙትም ይህን ነው። ቅርፊት ስለተባለው አንድም ልጅ አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ «አብራሪው ለምን ቶሎ አልተኮሰም?» ብለው ነው፤ ተናደው። አንዱ «እጁን ይዞ ቢያስቀምጠው ኖሮ» አለ። ከዚያ ወሬው ራሱ መንገዱን ያዘ፤ ማን ማንን ማስቀረት እንደነበረበት፣ ማን እንዳልቻለ። ጊዜው መሽቶ እናቶች ሊወስዷቸው ሲመጡ ገና አልጨረስንም ነበር፤ ሁለቱ እናቶችም ተቀምጠው ሰሙ።

ስለዚህ ይነሳ በሚለው አልስማማም፤ በስጋታቸው ግን እስማማለሁ፣ አሠራሬንም እነግራቸዋለሁ። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ መጨረሻውን አላነብም፤ ልዑሉና አብራሪው ሌሊት በረሃ ተጉዘው ንጋት ላይ የውኃ ጉድጓድ ያገኙበት ምዕራፍ ላይ አቆማለሁ፤ ለትንሽ ልጅ እዚያ ማለቁ ይበቃዋል። ለትልልቆቹ 26ኛውን ምዕራፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አብሬያቸው አነባለሁ፤ በዚያን ቀን መጽሐፉን ቤት አላውሳቸውም። በቅርቡ ሰው የሞተበት ልጅ ካለ አስቀድሜ ቤተሰቡን አነጋግራለሁ፤ አይሁን ካሉ አይሆንም። ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ አሠራር ካላቸው ቢጽፉልን ያንን ነው በየክበቡ ላባዛው የምፈልገው።